የወፍ ወንድ፣ የእንትፌ ሆድ

«የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተናገረው አባት ደገኛ መሆን አለበት። ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ምስጢር ከወፍ፣ ግማሹን ከሰው ለቃቅሞ ባልደከመ፣ ሁለቱንም በአንድ ገላ ጠቅልሎ የተቀመጠ ፍጥረት ባገኘ ነበር። በወደብ ግድግዳ፣ በመርከብ ሆድ፣ ውሃ ውስጥ በተረሳ ገመድና ጎማ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ አንዳንዱ ምስር፣ አንዳንዱ ድንች የሚያህል፣ ሲጫኑት ውሃ የሚተፋ እንስሳ አለ። ወንዱ የትኛው ነው ቢሉ፣ ወንዱም ሴቱም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው፤ አንዱ ገላ ዘርም እንቁላልም ያፈራል። ሆዱ ደግሞ ተከፍቶ ካልታየ የማን ወገን እንደሆነ አፍ ሞልቶ መናገር ያስቸግራል። እንግዲህ ይህን የወደብ ተለጣፊ ከመልኩ ብቻ ተነስቶ ስም የሚያወጣለት ሁሉ፣ ሙያተኛም ይሁን ባለ ስልክ፣ ሰውን በኮቱ መዝኖ «ጌታዬ ይግቡ» ከሚል ዘበኛ አይሻልም። የምሟገተው ይህንኑ ነው።

ሙግቱን ደግሞ ከአያሃ መጀመር እፈልጋለሁ። አያሃ የሐርጌሳ ዳርቻ ሰፈር ናት፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከበርበራ ወደብ በመንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ናት። እዚያ ሆኖ ስለ ባሕር እንስሳ ማውጋት ሁመራ ላይ ስለ በረዶ ሸርተቴ እንደማውጋት ነው የሚል አይጠፋም። ይህ ሰው ግን አያሃ ውስጥ ከባሕር ያልመጣ ዕቃ ፈልግ ቢባል ሲዞር ይመሻል። ሩዙ፣ ፓስታው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ቆርቆሮው በበርበራ በኩል የወጣ ነው። ፍየሉ ያገር ነው ቢባል እንኳ እሱም መንገዱ ወደዚያው ነው፤ በሐጅ ሰሞን ከበርበራ ወደ ሳዑዲ የሚጫነው በግና ፍየል ዓለም ያወቀው ነው። ሰዉስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ነዋሪዋ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርትሼክ የተባለው መጠለያ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ፣ በመጨረሻም በ2004 ተዘጋ። ተመላሹና ተፈናቃዩ በከተማዋ ዳርቻዎች ሲሰፍር አያሃም ከሰፈራዎቹ አንዷ ሆነች፤ አያሃ 1፣ አያሃ 2፣ አያሃ 3 እየተባለችም ተቆጠረች። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ያው ቆርቆሮና አቧራ ነው። ነዋሪው ግን ሁለትን ከሦስት ጋር ብታምታታበት ይቀየምሃል። የተለጠፈ ነገር ሁሉ አንድ አለመሆኑን ከአያሃ ሰው የተሻለ የሚረዳ የለም ብዬ ክርክሬን እዚያ መጀመሬ ለዚህ ነው።

ወደ ፍጥረቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ችግር ስም ነው፤ አማርኛችን የተስማማበት መጠሪያ የለውም። ሳይንሱ ከግሪክ ተውሶ አሲዲያን ይለዋል፤ ቃሉ ትንሽ አቁማዳ ማለት ነው፤ ወይን ጠጅ የሚያዝበት ዓይነቱ። እንግሊዞች ከጠባዩ ተነስተው የባሕር ረጪ ብለውታል። ለእኛ ግን ከአቁማዳም ይልቅ የሚቀርበው ጀበና ነው፤ ሆዱ ድብልብል፣ ከላይ አንገት፣ ከጎን መቅጃ ያለው ጀበና። በአንገቱ ውሃ ይገባል፣ በመቅጃው ይወጣል። እጅ ሲያርፍበት ግን ጨዋነቱን ረስቶ በሁለቱም ቀዳዳ ይተፋል። ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ እንትፍ» እንደሚለው ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ምርቃት ጨው ጨው ማለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ የተሻለ እስኪመጣ እንትፌ ልበለው። ይህ ትፋት የመጀመሪያው መለያም ነው። ወደብ ሥር የሚለጠፈው ስፖንጅ ከእሱ ጋር ይምታታል። ስፖንጅ ሲጨመቅ ከመላ ገላው እንደ እርጥብ ፎጣ ያንጠባጥባል እንጂ በሁለት ቀዳዳ አነጣጥሮ ፊት ላይ አይረጭም። ፊቱ የረጠበ ሰው ቢያንስ ስፖንጅ እንዳልያዘ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ዓይን ማታለል ይጀምራል። እንትፌ የሚለብሰው ልብስ አለ፤ የወገኑ ሳይንሳዊ ስም፣ ቱኒኬት የሚባለው፣ ቱኒካ ከተባለው የሮማውያን ቀሚስ የመጣ ነው። የልብሱ ድርና ማግ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥ የተሠራበት ያው ነገር። ከእንስሳት ሁሉ ሴሉሎስን በራሱ ገላ የሚያመርት ይህ ወገን ብቻ ነው፤ የማምረቻውንም ዘረመል በጥንት ዘመን ከባክቴሪያ እንደወሰደው ይታመናል። ጥበቡ የውሰት ይሁን እንጂ ራሱ ፈትሎ፣ ራሱ ሸምኖ፣ ራሱ የሚለብሰውን ጋቢ ሌላ የትም አናገኝም። ችግሩ ጋቢው አለመታጠቡ ነው። አልጌው ይበቅልበታል፣ ቀንድ አውጣው ይሄድበታል፣ ስፖንጁ ይደረብበታል፣ አንዳንዴም ሌላ እንትፌ መጥቶ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ሰው «አረንጓዴ ነው፣ ጸጉራም ነው» ብሎ ሲመዘግብ የመዘገበው እንትፌውን ሳይሆን ደባሎቹን ሊሆን ይችላል። ቀለምም ቢሆን ምስክርነቱ አይታመንም። በቀይ ባሕር የታወቀው ፋሉሲያ ኒግራ ስሙ ራሱ ጥቁር ማለት ነው፤ ብርሃን በማያገኝበት ጥላ ያደገው ግን ፈዞ ነጣ ሊል ይችላል። ጥቁር ተብሎ ተሰይሞ ነጭ ሆኖ የሚገኝ ተከሳሽ በመልክ ብቻ ቢታደን ፖሊስ እስከ ጡረታው አይዘውም።

ብቻውን የሚኖረው ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ማኅበርተኛው ደግሞ ባሰ። ቦትሪለስ የሚባለው እንደ ጥልፍ አበባ በድንጋይና በገመድ ላይ ይነጠፋል፤ ያየው ሰው አንድ እንስሳ ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ራሱን የቻለ እንትፌ ነው፤ የየራሱ አፍ አለው፣ መሃል ላይ ያለው አንድ ጉድጓድ ደግሞ የሁሉም መውጫ ነው። እኛ ገበታውን አንድ አድርገን ሌላውን በየፊናችን እንጨርሳለን፤ እነሱ በየአፋቸው በልተው በአንድ ቧንቧ ይጥላሉ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ለመረዳት የባዮሎጂ መምህር አያስፈልገውም፤ በሩ የግል ነው፣ የፍሳሹ ጣጣ የጋራ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ሁለት እንዲህ ያሉ ማኅበሮች እያደጉ ዳርና ዳራቸው ሲገናኝ የሚሆነው ነው። ዝምድናን የሚመሰክር አንድ የዘረመል ክፍል አላቸው፤ በዚያ ላይ ቢያንስ አንድ የጋራ ምልክት ከተገኘ የደም ሥራቸውን አገናኝተው አንድ ይሆናሉ፣ ካልተገኘ በወሰኑ ላይ ጠባሳ ትተው ይለያያሉ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ሶማሌው የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይይዛል፤ እነዚህ ግን ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው በዝምታ ይጨርሱታል። ይህ ሁሉ ምርመራ በመካከላቸው ሲካሄድ ከላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ቢበዛ «ያምራል» ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ሆዱ እንግባ፤ ሆዱ የሚከፈተው ግን በሥርዓት ነው። እንትፌን ከግድግዳ ፍቆ ቀጥታ ፎርማሊን ውስጥ የሚከት ሰው የሚያገኘው ኩምትር ያለ ጡጫ ነው፤ ፍጥረቱ ደንግጦ ሁለቱንም አፉን ይዘጋል፣ ጡንቻውን ይሰበስባል፣ ሞቶም ምስጢሩን አይለቅም። ብልሃቱ መጀመሪያ ማዝናናት ነው። ባሕር ውሃ ባለበት ዕቃ ያስቀምጡትና ጥቂት የሜንቶል ቅንጣት ጣል ያደርጉበታል፤ ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን ሥር የምንቀባው ያ የሚያቀዘቅዝ ሽታ ያለው ነገር ነው። ቀስ በቀስ ይፈዛል፣ ሁለቱ አፎቹ ይከፈታሉ፣ ቢነኩት አይሰበሰብም። የሚጠበቀው ያኔ ነው፤ የሚከፈተውም ከዚያ በኋላ። ጋቢው ሲገፈፍ ሥጋው ይገኛል፣ ሥጋው ሲሰነጠቅ ደግሞ አብዛኛውን ቦታ የያዘ ወንፊት። ይህ ወንፊት ጉሮሮው ነው። በአንገቱ የገባው ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ ምግቡ ንፍጥ መሳይ መረብ ላይ ይቀራል፤ ጥሩ ቁመና ያለው እንትፌ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ያጣራል። ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ በሚመጣባት ሐርጌሳ ይህ ቁጥር ሳያስቀና አይቀርም። የወገን ልዩነቱ የሚነበበው እዚህ ላይ ነው። ወንፊቱ ለስላሳና ቀላል ነው? በቁመቱ የተዘረጉ ዘንጎች አሉት? ወይስ እንደ ሸማ ቀሚስ ተጣጥፏል? ሦስቱ ትልልቅ ነገዶች የሚለዩት በዚህ ነው። ከዚያ ወደ ዘር ዕቃው ይታለፋል። አንዳንዱ አንጀቱ በታጠፈበት ጉያ ይሸጉጠዋል፣ አንዳንዱ በግራም በቀኝም የገላው ግድግዳ ላይ ያሰልፈዋል። ቁጥሩና አቀማመጡ ለሙያተኛው እንደ መታወቂያ ቁጥር ነው። ሄርድማኒያ የሚባለው ደግሞ ከሥጋው ውስጥ መርፌ መሳይ ጥቃቅን የኖራ እሾሆች ደብቋል። ከውጭ ሲያዩት ማንም የማይጠረጥረው ዝምተኛ ነው።

ይህን የሆድ ዕቃ ንባብ ካስጀመሩት አንዱ ማሪ ዡል ሴዛር ሳቪኚ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብጽ ወርዶ፣ ከቀይ ባሕር የሰበሰበውን ይዞ ተመልሶ በ1816 ባሳተመው ሥራ ፋሉሲያ ኒግራንም ሄርድማኒያ ሞመስንም ለዓለም አስተዋወቀ። ያ አበባ የሚመስለው ማኅበር የብዙ ትንንሽ እንትፌዎች ስብስብ መሆኑን በማጉያ መነጽር አይቶ ያሳየውም እሱ ነው። ሰዎቹ ከናይል ዳር ሐውልትና ወርቅ ሲለቃቅሙ እሱ የዚህን አቁማዳ አንጀት ይስል ነበር። ኋላ የዓይን ሕመም ያዘው፤ ብርሃን ስለማይችል የመጨረሻዎቹን ብዙ ዓመታት በጨለማ አሳለፈ፣ በ1851 ሞተ። የሳላቸውን ሥዕሎች ዛሬም ባለሙያው ይገልጣቸዋል።

እዚህ ላይ ባለ ስልኩ ይነሳል። «በዚህ ዘመን ሆነህ ስለ ፎርማሊን ታወራለህ? ፎቶ አንስቼ ማሽኑን እጠይቀዋለሁ፤ በሦስት ሰከንድ ስሙን ይነግረኛል፣ እንስሳውንም አልገድልም» ይላል። ግማሹ ተቃውሞ እውነት ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። ፎርማሊን ቀለም ይበላል፤ በሕይወት እያለ ያልተነሳ እንትፌ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ግራጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ፎቶው ግድ ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ የተነገረው ደግሞ ስህተት ከሆነ ስህተቱን በሦስት ሰከንድ ያደርሳል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ የሲዮና ታሪክ ነው። ሲዮና ኢንቴስቲናሊስ የብዙ የዓለም ወደቦች የታወቀ ነዋሪ ነው፤ ሊኒየስ በ1767 ስሙን አውጥቶለታል። በ2002 ሳይንቲስቶች የዘረመል መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብበው አሳተሙ፤ እንዲህ ከተነበበላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንስሳት አንዱ ሆነ። ከዚያ አንዱ ስም ሁለት ፍጥረት መያዙ እየተረጋገጠ መጣ። በ2015 ሲጣራ፣ ያ የተነበበው መጽሐፍ የሌላኛው፣ የሲዮና ሮቡስታ ሆኖ አረፈው። መጽሐፉን ጨርሰው አነበቡት፣ ሽፋኑ ላይ ግን የወንድሙን ስም ለጠፉበት።

ባለ ስልኩ ብልህ ከሆነ እዚህ ላይ ያዘኝ ማለት ነው። ምክንያቱም ሁለቱ ወንድማማቾች ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ከውጭ ያለ ነው፤ ሮቡስታ በአንገቱ አካባቢ ጋቢው ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት። «ይኸው! ከመልኩ ተለየ!» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ ጉብታውን ጃፓኖች በ1967 አይተው ስም ሰጥተውት ነበር። ነገር ግን ኋላ «ጉብታ ምን ዋጋ አለው» ተብሎ ወደ አሮጌው ስም ተመለሰ። ጉብታው ዋጋ እንዳለው የታመነው ውስጡ ከተነበበ በኋላ ነው። መልክ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል እንጂ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ የሰጠሁት ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ አልሰጥም። እንስሳውን አለመግደሉን በተመለከተ ግን አንድ እንትፌ በክብር ተገድሎ በትክክል ቢመዘገብ፣ መርከብ ሲጠረብ በመፋቂያ ከሚረግፉት ሺዎች ይልቅ ለወገኑ የሚጠቅም ይመስለኛል። ይህ ለግድያው የቀረበ ሰበብ ነው የሚል ካለ ደግሞ ቁርጡን ይንገረኝና በዶሮ ወጥ ላይ እንወያይ።

ስለ እንትፌ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ፤ እሱም የመልክ ፍርድ ውጤት ስለሆነ ላልፈው አልችልም። እንትፌ በልጅነቱ እንደ እንቁራሪት ግልገል ጅራት ያለው ዋናተኛ ነው። በጅራቱ ውስጥ ዘንግ አለው፣ ብርሃን የሚለይ ዓይን ቢጤ አለው፣ ላይና ታቹን የሚነግረው ሚዛን አለው፤ የሲዮና ግልገል ማዕከላዊ ነርቭ ሲቆጠር 177 የነርቭ ሴሎች ተገኝተውበታል። ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ዋኝቶ ጥላ ያለበት ቦታ ሲያገኝ በግንባሩ ይለጠፋል፣ ጅራቱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዘንጉን ያፈርሳል፣ የግልገልነት አንጎሉም አብሮ ይሄዳል። ቀልደኛው እንግዲህ «ወንበር እስኪያገኝ አንጎል አስፈለገው፣ ወንበሩን ሲይዝ አንጎሉን በላው» ይላል። ፈረንጆች ይህን በዩኒቨርሲቲ መምህራን ላይ ይቀልዱበታል፤ አዲስ አበባ ቢደርስ በማን ላይ እንደሚቀለድበት መገመት አይከብድም። ስቄያለሁ፤ ቢሆንም ስም ማጥፋት ነው። አንደኛ፣ ግልገሉ የሚበላበት አፍ ገና አልተከፈተም፣ ምንም አይበላም፤ አንጎሉንም ቢሆን ያፈርሰዋል እንጂ አያኝከውም። ሁለተኛ፣ ካፈረሰ በኋላ ለአዋቂ ሥራ የሚሆን ሌላ ይሠራል፤ በሲዮና ላይ ይህ አዲሱ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ በአንድ ወር ገደማ ያበቅለዋል። ሦስተኛ፣ ዘንግና ጅራት ይዞ ሲዋኝ ለዓለም ያደረገው ነገር የለም፤ ውሃ ማጣራትንም መውለድንም የጀመረው ተቀምጦ ነው። «ቀልዱ ስለ ሰው ነው እንጂ ስለ እንስሳው አይደለም» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ባለ ወንበሩን መንካት የፈለገ ባለ ወንበሩን ይንካ፣ የማይናገረውን ምስክር አድርጎ አይጥራ። ባለ ወንበሩ በወር ውስጥ አዲስ አንጎል ሲያበቅል ደግሞ እስካሁን አልታየም።

ይኸው የልጅነት ዘንግ ሌላም ነገር አውጥቷል። እንትፌ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ማን እንደሆነ አልታወቀም ነበር፤ አርስቶትል በአትክልትና በእንስሳ መካከል አስቀምጦት ሄደ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ከቀንድ አውጣ ዘመዶች ጋር ደመሩት። በ1866 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ግልገሉን ቢመረምር የጅራቱ ዘንግ ከእኛ ከባለ አከርካሪዎቹ ጽንስ ጋር የሚዛመድ ሆኖ አገኘው። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጠቀሰ። በ2006 ደግሞ የዘረመል ጥናት እንትፌና ወገኖቹ፣ አከርካሪ ከሌላቸው እንስሳት ሁሉ ለእኛ የቅርብ ዘመድ መሆናቸውን ደመደመ። ዝምድናው በዘንግ ብቻ አያበቃም። በወንፊቱ ወለል ላይ ንፍጡን የሚያመነጭ ቦይ አለ፣ ይህ ቦይ ከባሕር አዮዲን ይሰበስባል፤ አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የተወረሰው ከእንዲህ ያለ ቦይ ነው። ባሕር የራቀው ደገኛ አዮዲን አጥቶ እንቅርት ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ስታወጣ፣ የቅርብ ዘመዳችን ወደብ ሥር ተለጥፎ አዮዲኑን እያጣጣመ ነበር። ዘመድነቱን ግን ከመልኩ ማንም አላነበበውም።

በእንዲህ ያለ ዘመድ ላይ ጥርስ የሚያነሱም አሉ። ኮሪያ ሞንጌ ብላ በጥሬው ትቆርሰዋለች፣ ቺሌ ፒዩሬ ብላ ትበላዋለች። እኛ ዘንድ ቢቀርብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ጣዕሙ አይሆንም፣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ልብሱ ጥጥ ነው፣ ስለዚህ ጎመን ነው የሚል ወገን ይነሳል። በልጅነቱ ዘንግ ነበረው፣ ስለዚህ ሥጋ ነው የሚል ይመልስለታል። ሙግቱ ሰሙነ ሕማማትን ተሻግሮ ፋሲካ ሲደርስ አንድ ዲያቆን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ድሮውንም እንደማይበላ አስታውሶ ሁሉንም ያሰናብታል። ሐርጌሳ ላይ እንኳን ይህ፣ ዓሣውም ቢሆን ከፍየሉ ፊት አይቆምም።

«እሺ፣ ካልተበላ ስሙ ምን ያደርግልናል?» የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። በርበራ እ.ኤ.አ. በ2021 ርዝመቱ 400 ሜትር የሆነ አዲስ የኮንቴይነር መቆሚያ ከፍታለች። ስለዚህ ወደብ የላይኛው ክፍል ብዙ ተብሏል፤ በ2018 ኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ ይኖራታል ተባለ፣ በ2022 ደግሞ ቀረ ተባለ። የታችኛውን ክፍል ግን ማንም ሳይፈራረምበት ተለጣፊው ይካፈለዋል። አዲስ ግድግዳ ለእንትፌ አዲስ ሰፈራ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ደግሞ ከድንጋዩ ይልቅ ሰው የሠራውን መድረክ ይወዳል። የሚመጣው በመርከብ ሆድ ተለጥፎ ነው። በመርከብ ማመጣጠኛ ውሃ የሚጓዙትን ፍጥረቶች ለመግታት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2017 ሥራ ላይ ውሏል፣ የእንትፌ ግልገል ግን ዕድሜው የሰዓታት ስለሆነ በውሃው ብዙም አይጓዝም፤ የተለጠፈው ወላጅ ነው ባሕር የሚሻገረው። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ እንኳ የራሷ መርከቦች አሏት፤ መርከብ ያለው ደግሞ ከሆዱ ሥር እንግዳ አያጣም። እንግዳው ሲበዛ ቀልድ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስታየላ ክላቫ የተባለ የእስያ እንትፌ የካናዳዋን ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ባለ እርሻዎች ገመድ ላይ የሚያረቡትን ባለ ዛጎል እስኪሸፍንባቸው ድረስ ተራብቶ አማርሯቸዋል። እሱን በጊዜ የሚያውቀው ቀድሞ የነበረውን የሚያውቅ ብቻ ነው። መጤና ነባር የሚለው ቃል በሰው ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ክፉ ስለሚያናግር በጥንቃቄ ነው የማነሳው፤ ለዚያውም በዚህ ጉዳይ መጤ ሁልጊዜ ከሌላ አገር ወደ እኛ የሚመጣው አይደለም። የቀይ ባሕሩ ሄርድማኒያ ስዊዝን ተሻግሮ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወደቦች ሰፍሯል። እዚያ ያለ ባለሙያ ዛሬ ሲፈቀው «ከየት መጣህ?» እያለ የሚጠይቀው የእኛን ሰፈር ልጅ ነው።

ስለዚህ በርበራ ላይ ጎንበስ ብሎ ከአሮጌ ገመድ ላይ አንዱን የሚያላቅቅ ሰው ቢገኝ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ቢላዋ፣ ስልክ፣ ሜንቶል፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ይተፋበታል፣ ያን ይታገሥ። በሕይወት እያለ ፎቶውን ያነሳል፣ ያዝናናዋል፣ ይጠብቃል። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ይቆርጥና በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀለሙ እንዳይለቅበት ስክሪፕቶ አይሆንም። ወረቀቱንም ከጠርሙሱ ውጭ አይለጥፈውም፣ የተለጠፈ ይረግፋልና ከእንትፌው ጋር ውስጥ ይከተዋል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ ምን ላይ እንደተለጠፈ፣ ቀለሙን ይሞላል። «ስም» በሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ መስመር ትቶ ጠርሙሱን ይከድናል።